የዩኒቨርሲቲ የፖሊሲ ውይይት ላይ እንዴት ጠይቆ መልስ ማግኘት ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ስቴትና ስለ ከተማ ፖሊሲ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ውይይት ያዘጋጃሉ። አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው፤ ተማሪ መሆንም አያስፈልግም። ግን ዝም ብሎ ሄዶ መቀመጥ ብዙም አይጠቅምም።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ። ቆሻሻ ማንሳት በአብዛኛው የከተማው ወይም የካውንቲው ሥራ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ደግሞ የስቴቱ፤ የስቴት ምክር ቤት አባልን ስለ ቆሻሻ ብትጠይቁት «እሱ እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፋችኋል፣ እውነቱንም ነው። ከዚያ በጀቱን አየት አድርጉ፣ ኢንተርኔት ላይ አለ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ስቴቶች በጀታቸውን የማመጣጠን ግዴታ አለባቸው፤ ስለዚህ «ለምን ገንዘብ አትጨምሩም?» ከማለት «ይሄን ለመሸፈን ከየት ትቀንሳላችሁ?» ብትሉ ማምለጫ የለውም።

ጥያቄያችሁን ቀድማችሁ ጻፉት፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማይክ ጨብጦ ንግግር የሚያደርግ ሰው መቼም አይጠፋም፤ አወያዩም ያቋርጠዋል፣ ደግ አደረገ! ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ። መድረክ ላይ ያልተባለውን ኮሪደር ላይ የሚነግሯችሁ የተናጋሪዎቹ ረዳቶች ናቸው፤ ኢሜይላቸውን ተቀበሉ።