ፒክአፑ ዝዝዝ ሲል፦ ድምጹ ማንን ነው የሚከተለው?

ምልክቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መኪናው ጤነኛ ነው። ይነሳል፣ ይጎትታል፣ ፍሬኑም ይይዛል። ግን ከሆነ ቦታ ዝዝዝ የሚል ድምጽ ይመጣል። ሾፌሩ ከእግሬ ስር ነው ይላል። አጠገቡ ያለው ከዳሽቦርዱ ነው ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ካሶኒው (የዕቃ መጫኛው) ነው ብሎ ይምላል። ጋራዥ ሲደርሱ ድምጹ ድራሹ ይጠፋል።

ሦስቱም አልዋሹም። ፒክአፕ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ አካል የለውም። ሞተሩ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ጋቢናውና ካሶኒው ለየብቻቸው ሻንሲው ላይ የታሰሩ ናቸው። ሻንሲው ደግሞ ረጅም ብረት ነው። ፊት ላይ የጀመረ ንዝረት ኋላ ድረስ ይጓዝበታል። ለዚህ ነው "ከየት ነው የሚመጣው?" ብሎ መጀመር የሚያደክመው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ማንን ነው የሚከተለው?" ነው። የሞተሩን ዙር ነው? የመኪናውን ፍጥነት ነው? መንገዱን ነው? ወይስ ቁልፉን ብቻ?

ምሳሌ የማደርገው ቶዮታ ሃይሉክስን ነው፤ በየከተማው ሞልቷል። ለአይሱዙ ዲማክስም፣ ለሚትሱቢሺ ኤል200ም፣ ለፎርድ ሬንጀርም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ቆማችሁ ሞክሩ

ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጉ። ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት ዙር) ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ 3000 ዙር ነዳጅ ስጡ። ድምጹ ቆሞም ከመጣ ጎማው፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፍረንሻልና ነፋሱ ነጻ ወጡ። ፍለጋው ከኮፈኑ እስከ ጭስ ማውጫው ማርሚታ ባለው መስመር ብቻ ይሆናል።

ቆሞ ካልመጣ ቀጥ ያለ መንገድ ያስፈልጋችኋል። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ፍጥነት ሳይቀየር ብዙ መሄድ ይቻላል። በ80 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ቀይሩ፣ ፍጥነቱን ግን 80 ላይ ያዙት። አሁን የሞተሩ ዙር ጨምሯል፣ የጎማው ግን ያው ነው። ድምጹ አብሮ ከቀጠነ ነገሩ የሞተሩ ወገን ነው። ምንም ካልተለወጠ ወደ ጎማው ወገን ሂዱ። ይህን ለመሞከር ብሎ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ ግን አያስፈልግም፤ አደጋም አለው።

ሞተሩን ከተከተለ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድምጹ በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ መጥቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ሲጨመር የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ላሜራ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። 1800 ዙር ላይ ይህ በሰከንድ 60 ምት ነው። የላላ ስስ ብረት የራሱ የሚንቀጠቀጥበት ልክ አለው። ምቱ ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም ይጮኻል፣ ሲያልፈው ዝም ይላል። የተበላ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ግን እንዲህ ዙር አይመርጥም። ዙሩ በጨመረ ቁጥር እሱም እየጨመረ ይሄዳል።

ቀዳሚው ተጠርጣሪ በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ ያለው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ነው። ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከስር ግቡና ከፊት ወደ ኋላ ቱቦውንና ላሜራዎቹን በቡጢ መታ መታ አድርጉ። የላላው ዝርር ብሎ ይመልስላችኋል። በባትሪ ስታዩት ደግሞ ዙሪያው ዝጎ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነጥብ ታገኛላችሁ። ላሜራው ከቱቦው ጋር ሲፋተግ የጠረገው ቦታ ነው። ብሎኑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ፣ ጥብቅም ነው። የተበላሸው ላሜራው ነው፦ በብሎኑ ዙሪያ ዝገት በልቶት ቀዳዳው ከብሎኑ ራስ በልጧል። ብሎኑን ብታጠብቁት ምንም አይመጣም።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ከቀዳዳው የሚሰፋ ትልቅ ሮንዴላ አስገብታችሁ መልሳችሁ እሰሩት። ብሎኑ ተሰብሮ ከቀረ ደግሞ የራዲያተር ቱቦ የሚታሰርበትን ዓይነት ትልቅ የብረት ፋሼታ በላሜራውና በቱቦው ዙሪያ አጥብቁ። የማይዝገውን ምረጡ። በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በጎማ አትሞክሩት፣ ይቀልጣል። "ምን ያደርጋል፣ ገንጥለህ ጣለው" የሚልም አይጠፋም። አትስሙት። ያ ላሜራ የጋቢናውን ወለልና በአቅራቢያው ያለውን ገመድ ከሙቀት ይጠብቃል። ደረቅ ሣር ላይ ለሚያቆም መኪና ደግሞ እሳትንም ይከላከላል።

ማርሚታው የተሰቀለባቸውን የላስቲክ ጎሚኒዎችም በዚያው እዩ። አንዱ ከተቀደደ ቱቦው ሻንሲውን ይነካና መላው መኪና ያንጎራጉራል።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው)። ይህ ፍተሻ ምንም አያስወጣም፣ መፍታትም የለበትም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ጆሯችሁን ስጡ። ፔዳሉን ሳትረግጡ ድምጽ ካለና ስትረግጡ ከጠፋ፣ ሞተሩ የሚያዞረው የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ተጠርጣሪ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ሳትረግጡ ዝም ብሎ ስትረግጡ ከመጣ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ አልቋል። ለሁለቱም ካምቢዮ ይወርዳል። ካምቢዮ ማውረድ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለምና፣ እባካችሁ ይህን የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ሳታደርጉ "ጋሼ፣ ካምቢዮው ነው" የሚላችሁን ሁሉ አትመኑ። ካምቢዮ አስወርደው በመጨረሻ የማርሚታ ላሜራ ሆኖ የተገኘባቸውን ሰዎች አውቃለሁ።

ድምጹ ከኮፈኑ ስር ከሆነ ረጅም ካቻቪቴ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጫፉን በዲናሞው አካል ላይ፣ ከዚያም ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) በሚያዞራቸው ሌሎች ዕቃዎች የማይዞር ክፍል ላይ አሳርፉ፣ እጀታውን ጆሯችሁ አጠገብ ያዙ። የተበላው ኩሽኔታ አሸዋ እንደሚፈጭ ሆኖ ይሰማችኋል። ሻርፕ፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ ገመድ ካለ አውልቁ። ቬንትሌተሩ አይቀልድም።

ካልለየላችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋውን አውጡና መልሳችሁ ከደቂቃ ላነሰ ጊዜ አስነሱት። ድምጹ ከጠፋ ጥፋቱ ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ጋር ነው። አጥፉና እያንዳንዱን በእጅ አዙሩት፤ የሚሻክረው ወይም የሚወላወለው እሱ ነው። ያለ ቺንጋ ግን ሞተሩን አታቆዩት፣ የውሃ ፖምፓው ላይዞር ይችላል። በጭራሽም አትንዱት። በተለይ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር ባላቸው አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ የፍሬኑን ቫኪዩም የሚሠራው ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ነው የተገጠመው። ቺንጋው ከሌለ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። እነዚህ መኪኖች ላይ ዲናሞው ሲያንጎራጉርና ፍሬኑ ሲጠነክር አንድ ላይ ካያችሁ ያንን ፖምፓ አስፈትሹ።

መሪ ስትጠመዝዙ ብቻ የሚመጣ ማጉረምረም ደግሞ የመሪ ዘይት ነው። ዘይቱ ጎድሎ ወይም አረፋ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ሙሉ፣ ከዚያም የሚያንጠባጥበውን ቱቦ ፈልጉ። የፈሰሰበትን ሳያገኙ መሙላት ብቻ ለሳምንት ነው።

የመኪናውን ፍጥነት ከተከተለ

ጎማና የጎማ ኩሽኔታ ድምጻቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያለ ጥፋቱ አዲስ ጎማ ይገዛል። የሚለያቸው መንገዱ ነው። ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች ስትገቡ ድምጹ ከተለወጠ ወይም ከተዋጠ ጎማው ነው፤ በተለይ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ወይም እኩል ሳይበላ የቀረ። የትም ብትሄዱ ያው ከሆነ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ።

የቱ ጎን እንደሆነ ለማወቅ ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት ግራና ቀኝ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። ወደ ግራ ስትጠመዝዙ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። ያኔ ድምጹ ከጨመረ ተጠርጣሪው የቀኙ ነው። ከዚያ በክሪክ አንሱት፣ መሬት የነኩትን ጎማዎች ታኮ አድርጉላቸው። አንድ እጃችሁን ሞላው ላይ አሳርፋችሁ በሌላው ጎማውን አዙሩ። ጆሮ የማይሰማውን ሻካራነት እጅ በሞላው በኩል ይሰማዋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተጫወተ፣ ወይም ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ መሃሉ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ረጅም መንገድ አትውጡበት።

265/65 አር17 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ገደማ ዞረ ማለት ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፍረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ግን የዚህን አራት እጥፍ ገደማ ይዞራል። ስለዚህ በአንድ በኩል የተበላ ጎማ ው‐ው‐ው እያለ የሚቆጠር ዓይነት ነው። የዘንጉ ንዝረት አይቆጠርም፣ ወንበሩን የሚያንዘረዝር ወፍራም እምምም ነው። ክሮቼራዎቹን (የዘንጉን መታጠፊያ መገጣጠሚያዎች) በእጅ ነቅንቁ፣ ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ከሆነ መካከለኛውን ኩሽኔታና የያዘውን ላስቲክ እዩ። ግራሶ የሚቀበሉ ከሆኑ ግራሶ ስጧቸው፤ ጭቃና ወንዝ ለሚገባ መኪና ቶሎ ቶሎ።

ዲፍረንሻል ራሱን የሚያጋልጠው በጭነት ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ይጮኻል፣ ስትለቁ ይጠፋል ወይም ቃናውን ይለውጣል። ከጎሐ ጽዮን ዓባይን ወርዶ ወደ ደጀን ለሚወጣ ሰው ይህ በደንብ ይለያል፤ ቁልቁለቱ በሞተር ተይዞ፣ ዳገቱ በነዳጅ። ኮሮናና ፒኞን (የዲፍረንሻሉ ማርሾች) ላይ ከመፍረድ በፊት ዘይቱን እዩ። መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ። የማፍሰሻውን አስቀድማችሁ ፈትታችሁ መሙያው እምቢ ቢል መኪናው ያለ ዘይት ቀረ። ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር መድረስ አለበት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ማፍሰሻው ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ ማየት የተለመደ ነው፣ የብረት ስንጣሪ ግን አይደለም።

ከኮረኮንች ስትወጡ በድንገት የሚጀምር ሰቅጣጭ ጩኸት ካለ አትደንግጡ። በፍሬን ዲስኩና ከኋላው ባለው ስስ ላሜራ መካከል ጠጠር ገብቶ ይሆናል። ትንሽ ወደ ኋላ ንዱት፤ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ካልወደቀ ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ላሜራውን በካቻቪቴ ገለጥ አድርጋችሁ አውጡት።

ከ80 በላይ ብቻ የሚመጣ ቀጭን ዝዝታ ደግሞ ነፋስ ሊሆን ይችላል። አንቴና፣ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ የላላ የመስታወት ጠርዝ። የተጠረጠረውን በፕላስተር ሸፍኑና ያንኑ መንገድ ድገሙት።

ቁልፉን ብቻ ከተከተለ

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ስትከፍቱ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝ ብሎ የሚቆም ድምጽ በቤንዚን መኪና የነዳጅ ፖምፓው ነው፤ ጤነኛ ነው። ሞተሩ ሠርቶም ጮክ ብሎ ከቀጠለ ማጣሪያው ተደፍኖ ወይም ፖምፓው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ተነስታችሁ ገና ስትንቀሳቀሱ አንዴ ጉርር ብሎ የሚጠፋው ደግሞ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ራሱን ሲፈትሽ ነው፤ እሱንም ተዉት።

ስታስነሱት ሞተሪኖው ትትትት ካለ ባትሪውን ለኩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ልኩ ትክክል ሆኖ ትትታው ካለ የባትሪውን ራሶችና ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውን የማሳ ገመድ ፍቱ፣ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ መልሳችሁ እሰሩ።

በስፒከር የሚመጣና ነዳጅ ስትሰጡ የሚቀጥን ዝዝታ ሬዲዮው ሲዘጋ ከጠፋ ሞተሩን አትንኩት። በኋላ የተገጠመ ቴፕ ከሆነ ማሳውን አስተካክሉ፤ ካልተወው ዲናሞውን አስፈትሹ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከመጡ ቶዮታዎች መካከል ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ የማስጠንቀቂያ ድምጽ የሚያሰሙ አሉ። የዚያ መፍትሄ እግር ማንሳት ነው።

መንገዱን ተከትሎ የሚንጫጫ ነገር ብዙውን ጊዜ ትርኪ ምርኪ ነው። የወንበር ስር ክሪክ፣ የካሶኒ በር፣ የዳሽቦርድ ሳንቲም። ባዶ አድርጋችሁ ንዱት፣ ድምጹ ሲመጣ በእጅ ተጫኑት።

ጋራዥ ስትሄዱ "ዝዝ ይላል" ብቻ አትበሉ። "ቆሞ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጠፋል" ወይም "ከ60 በላይ፣ ወደ ግራ ስጠመዝዝ ይጨምራል" በሉ። የዙር መቁጠሪያው እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ ቅረጹት፤ ያኔ መካኒኩ ጋ ሲደርስ ቢጠፋም ግድ የለም። ኩሽኔታ የሚለወጥ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ እንደ አዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወዳለ የመለዋወጫ ገበያ ሂዱ። ቀለበቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው። መጀመሪያ እሱን በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ሻጩ ከሚያወጣው ጋር አስተያዩ።