በሰሜን ሸዋ ሰማይ ደማቅ ከዋክብትን ሲመለከቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ሰማይ ሲጠራ፣ በመንዝ ወይም በአንኮበር ደጅ የቆመ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ የሚያየው የከዋክብት ብዛት ለከተማ ነዋሪ ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ደማቆቹ ከዋክብት ሲነገር ተደጋግመው የሚሰሙ ስህተቶች አሉ።

በጣም የተለመደው፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያበራውን ሁሉ ኮከብ ነው ማለት ነው። ጎሕ ሳይቀድ በምሥራቅ፣ በሌላ ወቅት ደግሞ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ የምትታየውና የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ የፀሐይን ብርሃን የምታንጸባርቅ ፕላኔት ናት። ጁፒተርም ቢሆን ከየትኛውም የሌሊት ኮከብ ይበልጥ ይደምቃል። መለያው ቀላል ነው፤ ኮከብ ብልጭ ድርግም ሲል የፕላኔት ብርሃን ግን ረጋ ያለ ነው፤ ወደ አድማስ ሲጠጉ ብቻ ይህ ምልክት ብዙ አያስተማምንም። ጅራታም ኮከብም በስሙ እንጂ በባሕርዩ ኮከብ አይደለም። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየ ብርሃን እንደሆነ ይነገራል፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎችም ያ ብርሃን በ1456 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ሁለተኛው ስህተት የሰሜን ኮከብ ከሁሉ ይደምቃል የሚለው ነው። ይህ ኮከብ የታወቀው ቦታውን ባለመልቀቁ ነው፤ በድምቀት ግን ከአርባ በላይ ከዋክብት ይበልጡታል። በደብረ ብርሃን ከሰሜን አድማስ በላይ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ይህም እጅን ዘርግቶ የጨበጡት ቡጢ ያህል ስለሆነ፣ በሸለቆ ውስጥ ላለ ሰው ኮረብታው ሊጋርደው ይችላል። በድምቀት የመጀመሪያው ሲሪየስ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ለአውሮፓ ወይም ለሰሜን አሜሪካ አንባቢ የተዘጋጀን የከዋክብት ካርታ እንዳለ መቀበል ነው። እንዲህ ያለው ካርታ በድምቀት ሁለተኛ የሆነውን ካኖፐስንና ሦስተኛውን አልፋ ሴንታውሪን ብዙ ጊዜ ይዘላቸዋል፤ ለንደን ላይ የቆመ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጠብቅ ሁለቱም ከአድማሱ አይወጡለትምና። እኛ ግን በየካቲት አጋማሽ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፊታችንን ወደ ደቡብ ስናዞር፣ ሲሪየስን ከፍ ብሎ፣ ካኖፐስን ደግሞ ከሥሩ፣ ከአድማስ በላይ ሦስት ቡጢ በማይሞላ ከፍታ ላይ እናገኛቸዋለን። አልፋ ሴንታውሪን ለማየት ግንቦት መጨረሻ ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ በዚያው በደቡብ አቅጣጫ መጠበቅ ይበቃል። ለንደን ላይ ወደ አናት የምትጠጋው ቬጋ እዚህ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በመስቀል ሰሞን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ከአናታችን በላይ የሚቆመው አልታይር ነው። እንዲያውም በድምቀት ከአንድ እስከ ሃያ ያሉት ከዋክብት ሁሉ በዓመቱ ውስጥ ከሰሜን ሸዋ ይታያሉ፤ ይህ ለብዙ አገሮች ያልታደለ ነገር ነው።

የቦታ ምርጫም እንዲሁ ይረሳል። አንኮበር በስተምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ስለሚመለከት ለሚወጡ ከዋክብት ምቹ ነው፤ ደብረ ሲና ግን በስተምዕራቡ የጣርማ በር ገደል ስላለ የሚጠልቁ ከዋክብት ቀድመው ይሰወራሉ።

ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብም ሌላው ስህተት ነው። በድምቀት መለኪያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል። ሲሪየስ ከዜሮ በታች 1.46፣ ካኖፐስ ከዜሮ በታች 0.74 ሲሆኑ፣ የሰሜን ኮከብ 2 አካባቢ ነው። ልማዱ የመጣው ከዋክብትን በስድስት ደረጃ ከፍለው፣ ደማቆቹን አንደኛ ካሉት የጥንት ግሪኮች ነው፤ በኋላ በ1856 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፖግሰን የአምስት ደረጃ ልዩነት የመቶ እጥፍ የድምቀት ልዩነት እንዲሆን ወሰነው።

ደማቅ ሁሉ ቅርብ ነው ማለትም አያስኬድም። ሲሪየስ በእርግጥ 8.6 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ብቻ ስለሚርቅ ቅርበቱ ረድቶታል፤ ካኖፐስ ግን 310 ያህል የብርሃን ዓመት ርቆ ሁለተኛ የሆነው፣ ከፀሐይ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ብርሃን ስለሚረጭ ነው። በአንጻሩ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ በዓይን ፈጽሞ አይታይም። ቀይ ኮከብ ከነጭ ይግላል የሚለው ግምትም የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀላ ያለው ቤቴልጅየስ ከሰማያዊ ነጩ ራይጅል እጅግ ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻም ሰው ከቤት ወጥቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ "ምንም አይታይም" ብሎ ይመለሳል፣ ወይም በየመሃሉ ስልኩን ያበራል። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የበራ የስልክ መብራት ያንን ሁሉ ያፈርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይህን ያህል ደጅ ለመቆም ደግሞ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ የመንዝ ባና ደርቦ መውጣት ይሻላል።