አክታ መትፋት ከማይችል ሕፃን ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

ትንሽ ልጅ ሲያስል ከሳንባው የወጣውን አክታ አይተፋም፤ ይውጠዋል። ቲቢ ሲጠረጠር እንግዲህ ናሙናው የሚፈለገው ከጨጓራው ነው። ሌሊቱን የተዋጠው አክታ ጠዋት እዚያው ተጠራቅሞ ይገኛል። ልጁ ተነስቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ጨጓራው ወደ አንጀት ይገፋዋል። ስለዚህ ከአልጋ ሳይወርድና ምንም ሳይቀምስ መድረስ ያስፈልጋል። ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ 3 ሰዓት ምግብም ጡትም ሳያገኝ መቆየት አለበት። ይህን ለእናትየው ማታውኑ ንገሯት፤ ጠዋት ልጁ ሲያለቅስባት ጡት ብትሰጠው አይፈረድባትም።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት፦ 10 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ) ወይም ከዚያ ወፈር ያለ የአፍንጫ ቱቦ (ቀጭኑን አክታ ይደፍነዋል)፣ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሲሪንጆች፣ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት (አሲድ ሲነካው ቀይ የሚሆን)፣ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ውሃ ወይም ኖርማል ሳላይን (0.9% የጨው ውሃ)፣ 8% ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ክዳኑ የሚጠብቅ የናሙና ዕቃ። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። በውስጡ የቲቢ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያሳስታል። ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ዝቅ ያለ ወይም በቀላሉ የሚደማ ልጅ ከሆነ ይህ ሥራ ይቅር።

ለብቻ አይሞከርም። አንዱ ልጁን በአንሶላ ጠቅልሎ በጀርባው ወይም በጎኑ አስተኝቶ ይይዛል፤ ሌላው ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ታችኛው ለስላሳ ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ፍርምባ አጥንት ታችኛው ጫፍ ድረስ ለክቶ ቱቦው ላይ ምልክት ያደርጋል። ቱቦው በቀስታ ይግባ። ልጁ በኃይል ካሳለ፣ ድምፁ ከጠፋ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወደ አየር ቧንቧ ገብቷልና ወዲያው አውጡት። ምንም ምልክት ሳይኖር የሚቆም ከሆነ አፉን ከፍታችሁ እዩ፤ ጉሮሮ ላይ ተጠቅልሎ ይሆናል።

የወጣውን ጠብታ ሊትመሱ ላይ አድርጉ። ሰማያዊው ቀይ ከሆነ ጨጓራ ውስጥ ናችሁ። አየር ገፍቶ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ የተለመደ ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም። ቦታው ሳይረጋገጥ ምንም ፈሳሽ እንዳትገፉ!

የሚፈለገው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው። ከ5 ካነሰ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ስቴራይል ውሃ ወይም ሳላይን አስገቡ፣ 3 ደቂቃ ጠብቁና መልሳችሁ ሳቡ። ይህን እስከ 3 ጊዜ መድገም ይቻላል። ሲሪንጁ አልሳብ ካለ በጉልበት አትጎትቱ፤ የቱቦው ጫፍ የጨጓራ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ልጁን በሌላው ጎኑ አስተኝታችሁ ሞክሩ።

ብዙ ናሙና የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። የጨጓራ አሲድ ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ካልቸሩ (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ የማሳደግ ምርመራ) ባዶ ይሆናል። አሲዱን እንዲያከሽፍ በወጣው ፈሳሽ ልክ ሶዲየም ባይካርቦኔት እዚያው አልጋው አጠገብ ጨምሩበት፤ ላብራቶሪ ሲደርስ ይጨመራል ብሎ መላክ ዋጋ የለውም። ስም፣ ቀንና ሰዓት ዕቃው ላይ ጻፉ። በ4 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

ሌላው አማራጭ አክታን በጨዋማ ውሃ እንፋሎት ማስነሳት ነው። በስፔሰር (መድኃኒቱን ለመተንፈስ በሚረዳ ዕቃ) የአየር ቧንቧን የሚከፍተው ሳልቡታሞል ከተሰጠ በኋላ ከ3 እስከ 5% ጨዋማ ሳላይን በኔቡላይዘር (ፈሳሽን ወደሚተነፈስ እንፋሎት በሚቀይር መሣሪያ) ለ15 ደቂቃ ያህል ይተነፍሳል፤ አክታው እንዲላቀቅ ደረቱና ጀርባው በእጅ መታ መታ ይደረጋል፤ መትፋት ካልቻለ ከአፍንጫው ኋላ በሳክሽን (በመምጠጫ ቱቦ) ይወሰዳል። ትንፋሹ ለተቸገረ፣ ከባድ አስም ላለበት ወይም ንቃተ ሕሊናው ለቀነሰ ልጅ አይደረግም። ክፍሉ በደንብ አየር የሚገባበት፣ ሠራተኛውም ኤን 95 ማስክ (ባክቴሪያን የሚያጣራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ) ያደረገ መሆን አለበት፤ ሳሉ ባክቴሪያውን አየር ላይ ይበትነዋል።

በልጆች ላይ የባክቴሪያው ብዛት ትንሽ ስለሆነ የአንድ ቀን ናሙና ኔጌቲቭ ቢሆን ቲቢ የለም ማለት አይደለም። በተከታታይ ጠዋቶች ድገሙት፤ ምልክቱ፣ ራጁና ከታማሚ ጋር የነበረው ንክኪ ቲቢን ካመለከቱ ደግሞ ሕክምናው ውጤት እየጠበቀ አይዘግይ።