ሐዋሳ ላይ ቤት፣ ቦታ ወይም ወላጅ ላላችሁ፦ ከባሕር ማዶ ሆኖ ጉዳይን ስለ መከታተል

ባለፈው ክረምት አባቴን ልጠይቅ ሐዋሳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ቶሮንቶ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ደወለልኝ። "የገዛሁትን ቦታ እስቲ ሄደህ በዓይንህ አይተህ ንገረኝ" አለኝ። በቱላ አቅጣጫ ከአስፋልቱ ወርጄ ብዙ ከተጓዝኩ በኋላ ደረስኩ። ዙሪያው እንሰትና በቆሎ ነው። በአማቹ በኩል የከፈለው ገንዘብ የዐሥር ዓመት የሌሊት ፈረቃ ድካሙ ነበር፤ በእጁ ያለው ግን ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት የመንደር ውል ብቻ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ ምን ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ። ይህን የምጽፈው ሌላ ወገን እንዲህ ያለ መልስ በስልክ እንዳይሰማ ነው።

ብዙዎቻችን ስለ ሐዋሳ ስናወራ የምናወራው ትተናት ስለወጣናት ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በታቦርና በአላሙራ ተራሮች መካከል የተዘረጋች፣ አየሯ ሞቅ ያለ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ሐይቁ ዳርቻ፣ እስከ ፍቅር ሐይቅ፣ በእግር የሚደረስባት ከተማ። በ1952 ዓ.ም. አካባቢ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ተቆረቆረች፤ መንገዶቿ ቀጥ ያሉትም ከመነሻው በፕላን ስለተቀየሰች ነው። ይህ ሁሉ ዛሬም አለ። የተለወጠው አስተዳደሯ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በዚያው ዓመት ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል፣ ዋና ከተማው ሐዋሳ የነበረው ያ ሰፊ ክልል ከነመሥሪያ ቤቶቹ ተሸኘ።

ይህ የፖለቲካ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በቀጥታ የእናንተን ፋይል ይነካል። ከለውጡ በፊት የተሰጠ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ወይም ሌላ ሰነድ ያላችሁ ሰዎች፣ ቅጂው ዛሬ ቤታችሁ ባለበት ክፍለ ከተማ ማኅደር ውስጥ መኖሩን አሁኑኑ አስጠይቁ። ለመሸጥ ወይም ለማውረስ ስትነሱ ማኅደር ፍለጋ መጀመር ከባድ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋም ሲዳምኛ ነው። በከተማዋ አማርኛ በሰፊው ይነገራል፤ ሆኖም ጉዳያችሁን የሚከታተለው ሰው በሲዳምኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ማንበብ የሚችል ወይም አጠገቡ የሚያነብለት ያለው ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ውክልናው ልግባ፤ ብዙ ቤተሰብ የተኳረፈው በዚህ ነውና። ባሕላችን አደራ በቃል ነው። "ወንድሜ አለ፣ እሱ ያየዋል" እንላለን። ሕጉ ግን አደራን በሁለት ይከፍለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው ማስተዳደር ብቻ ነው የሚችለው፤ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ፣ ግብር መክፈል። ቤቱን ለመሸጥ፣ በመያዣነት ለማስያዝ፣ በስጦታ ለመስጠት ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቤት ማከራየት ለምትፈልጉበት ጉዳይ "መሸጥ መለወጥ" የሚል ቃል የተጨመረበትን ረቂቅ አትፈርሙ። ጸሐፊው ልማድ ሆኖበት ያስገባዋል፤ አስወጡት። ሰውን መጠራጠር አይደለም። ወንድምን ከፈተና፣ ዝምድናንም ከክስ መጠበቅ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያም ሰነድ በሚያረጋግጠውና በሚመዘግበው ተቋም በኩል አልፎ ለሥራ ይውላል። ቤሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶቼ፣ ቆንስላ ለመሄድ አንድ ቀን እረፍት ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። እንግዲያው ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ውክልናውን እዚያው ፈርማችሁ ሂዱ። ውክልናን በማንኛውም ጊዜ መሻር ይቻላል። ስትሽሩ ግን መሻራችሁን ለተወካዩ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ ላለበት ክፍለ ከተማና ለባንኩም በጽሑፍ አሳውቁ። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። በእናቱ ውክልና ሲሠራ የኖረ ልጅ እናቱ ካረፉ በኋላ በዚያው ወረቀት ቢፈርም ለራሱም ለእህቶቹም መዘዝ ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ነው።

ዜግነት የለወጣችሁ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ቀኑ ሳያልፍበት ያዙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር፤ ይህን ክልከላ ለእናንተ ያነሣው በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው።

ስለ መሬት ግልጹን ልናገር። የገበሬ መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ደላላው "ነገ ወደ ከተማ ይካለላል፣ ካርታ ይወጣለታል" ቢላችሁ የምትገዙት ተስፋን ነው። የምትገዙት የተሠራ ቤት ከሆነ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ሳይት ፕላኑ መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር መግጠሙን፣ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን በደብዳቤ አረጋግጡ፤ ውሉም ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይመዝገብ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ይኑርበት። በሊዝ ቦታ የያዛችሁም ውላችሁ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ቀን ይወስናል፤ ቀኑ ካለፈ ቦታው ሊነጠቅ ይችላል። "ስመጣ እጀምራለሁ" የሚባል ነገር የለም።

ሐይቁን የምትወዱና አጠገቡ መሥራት የምትመኙ አንድ ነገር አስቡ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዝናብ ሲበዛ ውኃው ከፍ ይላል፣ በዳርቻው ያለው መሬትም ይርሳል። አካባቢው ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥም ያሠጋዋል። ስለዚህ ብረትና ሲሚንቶ ቆጥቡ የሚላችሁን ሠሪ አትስሙ፤ የአፈር ምርመራ ይደረግ፣ ፎቶግራፍ የሚልክ ዘመድ ብቻ ሳይሆን መሠረቱ ሲቆፈር የሚቆም መሐንዲስ ክፈሉ። ጉድጓድ የምታስቆፍሩም ውኃው ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት ፍሎራይዱን አስመርምሩ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፤ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል።

የኪራይ ገቢ ግብር አለው። ሐምሌ ሲገባ ተወካያችሁ የቤትና የቦታ ግብሩንም አብሮ ይክፈል፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፤ ዋናው ወረቀት በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ገንዘብ ስትልኩ በባንክ ላኩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ የሚወሰን ሲሆን፣ የባንክ ደረሰኝ ነገ ቤቱ በማን ገንዘብ እንደተሠራ የሚመሰክርላችሁ ወረቀት ነው።

ወላጆቻችሁን በተመለከተ አጭር ነገር አለኝ። ሐዋሳ ወባ አለ። አዲስ ቤት ስትሠሩላቸው መስኮቱ ወንፊት ይኑረው፣ አጎበሩም አይረሳ። የቀበሌ መታወቂያቸውንና የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ቁጥራቸውን ሳታስጨርሱ አትመለሱ፤ ባንኮች እየጠየቁት ነው።

ጓደኛዬ የከፈለውን ገንዘብ ለማስመለስ ጠበቃ ይዟል። ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ ሲለኝ፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲገባ መከርኩት፤ በ19 ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች፣ አልጋም አይገኝም። በሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ላይ መምጣት አስቦም ነበር። የዚያን ቀን ግን አያንቶዎች፣ ከዋክብትን የሚያነቡት የሲዳማ አዋቂዎች፣ ቆጥረው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል፤ ትኬት ቆርጦ ቢሮ ዝግ ማግኘት ይኖራል። አሁን የመጀመሪያውን ሰኞ ለክፍለ ከተማው ይዟል። ማክሰኞ ጠዋት ከአባቴ ጋር ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ተቃጥረናል።