የገና ሰሞን የምርመራ ልቦለድን የሚያበላሹ ስህተቶች

«ኮዚ» የሚባለው የወንጀል ልቦለድ ደም አይበዛበትም። ቦታው ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ነው፤ ምስጢሩን የሚፈታውም ፖሊስ ሳይሆን ነገር የማያመልጠው ጎረቤት ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች የገና ሰሞን ንባብ ካደረጉት ቆይተዋል። በእኛው ገና ላይ ሊጽፉት የሚነሡ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ወንጀሉ ላይ ሳይሆን በዓሉ ላይ ነው። ገናን ለጌጥ ያስገቡታል፤ ታሪኩ ወደ ጥቅምት ቢዛወር የሚጎድለው ነገር የለም።

ላሊበላን መምረጥ

መጀመሪያ የሚታሰበው ላሊበላ ነው፤ አይፈረድም። በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ማሳየት የማይፈልግ ደራሲ የለም። ችግሩ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚቆመው በተቆጠሩ ተጠርጣሪዎች ላይ መሆኑ ነው። ላሊበላ በገና ከየአቅጣጫው በመጣ ምእመን ትሞላለች፤ አንባቢም «ከእንግዶቹ አንዱ ወስዶት ሄዶ ቢሆንስ?» ሲል ጨዋታው ያበቃል። እንግዳ ሲገባ ወሬው ቀድሞ የሚደርስበት ትንሽ ከተማ ይሻላል።

ተጠርጣሪዎችን ያለ ማሰሪያ መበተን

ከ5 እስከ 7 ተጠርጣሪ ይበቃል፤ ግን የሚያገናኛቸው ነገር ያስፈልጋል። በዓሉ ራሱ አዘጋጅቶ አስቀምጦታል፤ ቅርጫ። ሰባት አባወራዎች አዋጥተው በሬ ገዝተዋል እንበል። በዋዜማው ሌሊት የዕድሩ የገንዘብ ሣጥን ይጠፋል፤ ሣጥኑ ያለበትን ቤት የሚያውቁት ደግሞ እነዚሁ ሰባቱ ናቸው። ማለዳ ሥጋው በየመደቡ ተከፍሎ ዕጣ ሊጣል ሲል እያንዳንዱ ለምልክት የሚሆን ነገር ከኪሱ ያወጣል፤ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ቁልፍ። አንባቢው ይህን የበዓል ወግ ብሎ ያልፈዋል። ቁልፏ የማን እንደሆነች የሚጠየቀው ከ60 ገጽ በኋላ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መሳት

ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 አይደለም። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ስለዚህ ታሪኩን በ2016 ዓ.ም. አስቀምጦ «ታኅሣሥ 28 በዋዜማው» ማለት አንባቢውን ከመጀመሪያው ገጽ ያሳጣል። ከውጭ ልቦለድ የተላመደ እጅ «እኩለ ሌሊት፣ 12 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍም ይታያል። በረዶ ላይ የቀረ ኮቴም ከዚያው የመጣ ነው። በደጋው ግን የታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ አለ፤ ኮቴው ፀሐይ እስክትሞቅ ብቻ ነው የሚቆየው፤ «ኮቴውን አይቻለሁ» ያለ ሰው ያኔ እዚያ ነበር ማለት ነው።

ጾሙን መርሳት

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ሌሊት ቅዳሴ ይዘልቃል። በዋዜማው ምሽት ዶሮ የሚበላ ገጸ ባሕርይ ወይ ጾም የማይጾም ነው፣ ወይ ደራሲው ዘንግቷል። በቅቤ የተመረዘ ሰውም ከቅዳሴ በፊት ሊሞት አይችልም።

ሥርዓቱን ያወቀ ደራሲ ግን ከድስቱ ብዙ ያገኛል። ለአንድ ዶሮ እስከ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ያለ ዘይት ሲቁላላ እጅ አያስለቅቅም፤ ትንሽ ችላ ካሉት ይይዛል፣ ሽታውም በርበሬው ከገባ በኋላ እንኳ አይጠፋም። «ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከድስቱ አልራቅሁም» ያለች ሴት ወጧ አሮ ከተገኘ ቃሏ ወደቀ። «ቀምሼ ጨው ጨመርኩ» ካለችም ሌላ ነገር አለ፤ በጾም ዶሮ ወጥ አይቀመስም፣ ባለሙያዋ በሽታው ነው የምትለካው። ወይ ጾሟን ገድፋለች፣ ወይ ድስቱ አጠገብ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ቤተሰቡ ሲቀመጥም 12ቱ ብልቶች ይቆጠራሉ፤ ፈረሰኛው የአባወራው ድርሻ ነው። አባወራው ፊት ካልቀረበ፣ በጓሮ በር የገባ የተከበረ እንግዳ መኖሩን ለመጠርጠር ሌላ ፍንጭ አያስፈልግም።

ምስክሩን ከልክ በላይ ማመን

በገና ሌሊት ቅዳሴ ላይ ያለው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ ብርሃኑ ደግሞ የጧፍ ነው። «ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ስትወጣ አየሁ» የሚል ምስክርነት ማንንም አያስከስስም፤ ለማሳሳቻ ግን ይጠቅማል። እውነተኛው ፍንጭ ደጃፉ ላይ ነው። ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው፤ በመሀል ወጥቶ የተመለሰ ሰው ጫማ ጤዛና አፈር ይዞ ይገኛል፣ ወይም በጨለማ የሌላ ሰው ጫማ ያደርጋል።

መርማሪዋን ያለ በቂ ምክንያት ማስገባት

ወሬ ወዳድ መሆን ብቻውን አያስኬድም። የዕድር ጸሐፊ ብትሆን ግን ለቅሶ ቤት ትገባለች፣ መዋጮ የቀረበት ማን እንደሆነ ታውቃለች፣ ስትጠይቅም ማንም «ምን አገባሽ?» አይላትም። ጡረታ የወጣ መምህርም ጥሩ ነው፤ ግማሹን ከተማ አስተምሯል፣ የእጅ ጽሑፋቸውንም ይለያል። የማይሆነው ነፍስ አባት ነው፤ በንስሐ የሰማውን ማውጣት ስለማይችል ታሪኩ ገና ሳይጀምር ይታሰራል።

ፖሊሱን ማጃጃል

መርማሪዋ ብልህ የምትመስለው አዛዡ ሞኝ ስለሆነ ከሆነ አንባቢ ይሰለቻል። አዛዡ ሥራውን የሚያውቅ፣ ግን ለከተማው አዲስ ይሁን፤ የማያውቀው ዝምድናውንና ቂሙን ብቻ ነው። ሕጉም ለውጥረት ይረዳል። በሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። የመርማሪዋ የወንድም ልጅ በስህተት በዋዜማው ቢያዝ ቀን ቆጠራው ያኔ ይጀምራል። ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ከጠየቀ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም፤ ያም ማለት ልጁ ጥምቀትን ታስሮ ሊውል ይችላል።

ፍንጭ መደበቅ

እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው 10 ደንቦች ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ እንዳለበት፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭም ለአንባቢ እንዲያሳይ ጠይቋል። ዛሬም ይሠራል። በጥፋተኛው ላይ ቢያንስ ሦስት ፍንጮች ያስቀምጡ፤ አንዱን በዕቃ ዝርዝር መሀል፣ አንዱን ጠብ ሊነሣ ሲል፣ አንዱን በቀልድ ውስጥ።

ለቀልዱ ደግሞ የገና ጨዋታ አለ። ብዙዎች የገናውን ዱላ የመግደያ መሣሪያ ያደርጉታል፤ አንባቢ ዱላው እንደተነሣ ያውቃል። የሚጠቅመው ስድቡ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ስለሚባል ድሃው ባለጠጋውን፣ ሎሌው ጌታውን በግጥም ይነካል፤ በሌላ ቀን የማይነገር ብድር፣ የተካደ መሬት፣ የተደበቀ ልጅ በሳቅ መሀል ይወጣል። ስለዚህ ጨዋታውን ለመደምደሚያ አያቆዩት፤ ከሰዓት በኋላ እሩሯ እየተመታች ሳለ መርማሪዋ ዳር ቆማ ማን በየትኛው ግጥም እንዳልሳቀ ትመልከት።