ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ዘንባባ ስሙ ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ችግኝ ስሸጥ ዓመታት አልፈዋል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ይሄ ምን ዓይነት ዘንባባ ነው?» ይለኛል። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ከበር ላይ ሆኖ ያነሳው፣ ዛፉ ከእግር እስከ ራሱ፣ ከኋላው ሰማይ።

እባካችሁ፣ ከሩቅ ያነሳችሁትን ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ከዚያ የማየው ረጅም መሆኑን ነው። የዘንባባ ስም ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ሙሉውን አንሱ፤ እንደ ላባ ነው ወይስ እንደ ማራገቢያ? ቀጥሎ ጠጋ ብላችሁ ትንንሾቹ ቅጠሎች ከመሃሉ ዘንግ ጋር የሚገናኙበትን አንሱ። እጥፋቱ ወደ ላይ ተከፍቶ ውኃ እንደሚይዝ ቦይ ነው ወይስ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ታች የተደፋ? ከዚያ የቅጠሉ እጀታ ግንዱን የሚይዝበትን አንሱ። በመጨረሻም የግንዱን ሥር። ላባ መሰል ሆኖ እጥፋቱ ቦይ ከሠራ፣ እጀታው አካባቢ ያሉት ቅጠሎችም ወደ እሾህ ከተለወጡ፣ የተምር ዘመድ ነው፤ ፊኒክስ ይባላል። ማራገቢያ መሰል ሆኖ እጀታው ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ካለው፣ ቅጠሉ ላይም ነጭ ክር ከተንጠለጠለ፣ ዋሽንግቶኒያ የሚባለውን ዘንባባ አስቡ። አራት ፎቶ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ስህተት «ላጽዳው» ብሎ መከርከም ነው። የታችኞቹን አሮጌ ቅጠሎች ከነእጀታቸው ጠርባችሁ ካነሳችሁ እኔ የምፈልገውን ምልክት ጣላችሁት። ከመሃል ያለውን ቡቃያማ ከነካችሁ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ የዘንባባ ግንድ የሚያድገው ከአንድ ቦታ፣ ከአናቱ ብቻ ነው። እሱ ከተቆረጠ ግንዱ ይሞታል። ለሆሣዕና ስትቆርጡም ልቡን ተዉለት።

እሾህና ላባ መሰል ቅጠል ያለውን ሁሉ ተምር ማለት ሦስተኛው ነው። ይሄን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ አባት ግቢያቸው ወስደው አሳዩኝ። «አባባ፣ ተምር ነው» አልኳቸው። ዓመታት ውኃ እያጠጡ ጠበቁ። «ልጄ፣ ተምሬ መቼ ነው የሚደርሰው?» ሲሉኝ ተመልሼ አየሁት። ግንዱ አንድ፣ በጣም ወፍራም፣ ቅጠሉ ደማቅ አረንጓዴ። ያፈራው ፍሬም ትንሽ፣ ሥጋው ስስ። የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ነበር። ያኔ ጎንበስ ብዬ ባለማየቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ልዩነቱ ይሄ ነው። የአገራችን ዘንባባ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ከአንድ ሥር ያወጣል፤ ግንዶቹም ወደ ጎን ዘመም ይላሉ። ተምር ቅጠሉ አመድማ ነው፤ ከግንዱ ሥር ልጆች ይሰጣል። እውነተኛ ተምር ቢሆን እንኳ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ወንዱ አያፈራም። ደግሞም ተምር ሙቀት ይፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው በአዲስ አበባ ብርድ ፍሬው እንዲበስል አትጠብቁ። ሦስቱ ዝርያዎች፣ ማለትም የካናሪው፣ የአገራችንና ተምር፣ እርስ በርስ ስለሚዳቀሉም ከዘር የበቀለው ቅይጥ ሊሆን ይችላል።

ሳይካስ ዘንባባ አይደለም። ቅጠሉ ደረቅ፣ ጫፉ የሚዋጋ፣ አዲሶቹ ቅጠሎች አንድ ላይ ተጠቅልለው የሚወጡት ያ አጭር ተክል ነው። «አጭር ዘንባባ ነው» ብላችሁ ችላ አትበሉት፤ መርዛማ ነው፣ በተለይ ፍሬው። አንድ ደንበኛዬ ውሻው ፍሬውን አኝኮ ሞቶበታል። ልጅና ውሻ ባለበት ግቢ ስሙን ማወቅ ግዴታ ነው።

ገና ሣር የመሰለ አንድ ሁለት ቅጠል ያወጣ ችግኝ ይዛችሁ ስትመጡ ደስ ይለኛል፤ ግን ታገሡ። በዚያ ዕድሜ አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ።

የስልክ መተግበሪያ የሚሰጣችሁን ስም እንደ ግምት ያዙት፤ ከዚያ እጥፋቱን ራሳችሁ እዩ።

እጥፋቱን ልታዩ ስትጠጉ ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም በመነጽር ሸፍኑ። የፊኒክስ እሾህ ረጅም ነው። ጣቴ መገጣጠሚያ ላይ ወግቶኝ ለሳምንታት አብጦ ነበር።