የፀሐይ ኮሮና ላይ የሚነሳን ሞገድ ከቤት ሆኖ እንዴት ማየትና መለካት ይቻላል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብሎ ፀሐይ ላይ በፍንዳታ የተነሳ ሞገድ ማየት ይቻላል። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ እንጦጦ መውጣትም የለባችሁም። ላፕቶፕና ጥቂት ዳታ ይበቃል። ፀሐይን ግን በቀጥታ አትመልከቱ። የራጅ ፊልምም ሆነ ጥላሸት የተቀባ መስታወት ዓይን አያድንም፤ ኮሮና (የፀሐይ የውጭ ከባቢ አየር) ደግሞ ያለ ሙሉ ግርዶሽ በዓይን አይታይም።

ፎቶዎቹን የምናገኘው ናሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ካመጠቀው ኤስዲኦ ሳተላይት ነው። ፀሐይን በየ12 ሰከንዱ ያነሳታል። ግንቦት 4 ቀን 1989 ዓ.ም. ይህን ሞገድ በደንብ ያሳየን የቀድሞው ሳተላይት ሶሆ ግን በ12 ደቂቃ አንዴ ቢያነሳ ነው። በሰከንድ 300 ኪ.ሜ. የሚሮጥ ነገር በዚያ መሃል 216,000 ኪ.ሜ. ይሄዳል፣ የፀሐይን ራዲየስ ሲሶ ገደማ ማለት ነው። «ሞገድ ነው፣ አይደለም» የሚለው ክርክር ለዓመታት የተጓተተውም አንድም በዚህ ነው።

ጄሄሊዮቪወር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ጥሬ ፋይሎቹን ማውረድ አልመክርም፤ ፓኬጁን ጥርግ ያደርጉታል፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2017ን ምረጡ። በኛ ጳጉሜ 5 ቀን 2009፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከሱ ላይ 3 ስትቀንሱ የኛን ሰዓት ታገኛላችሁ፤ ከ12 ከበለጠ 12 ደግሞ ቀንሱ። ፍንዳታው ጣሪያ የነካው በ16:06 ነበር፣ ስለዚህ በኛ ምሽት 1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ። እኛ ችቦ የምናበራበት ሰዓት መሆኑ ነው! ከ15:30 እስከ 17:00 ያለውን በአንድ ደቂቃ ልዩነት ጫኑ። ሞገዱ ከቀኝ ጠርዝ ይነሳል።

193 አንግስትሮም በሚለው ጀምሩ። አንግስትሮም የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ፎቶው በየትኛው ብርሃን እንደተነሳ ይነግረናል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ መቀነስ። ሞገዱ የኮሮናን ብርሃን የሚጨምረው በትንሹ ስለሆነ ተራው ፊልም ላይ ብዙም አይታይም። ፕሮግራሙ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ እያንዳንዱን ፎቶ ከሱ በፊት ከተነሳው ጋር ያቀናንሳል። ሌላው ሁሉንም ከፍንዳታው በፊት ከተነሳ አንድ ፎቶ ጋር ያነጻጽራል።

የመጀመሪያው ያምራል። የሞገዱ ግንባር ነጭ ሆኖ ፍንትው ይላል፣ ከኋላው ጥቁር ቀለበት ይከተለዋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ጥቁሩን አይቶ «ፕላዝማው (የኮሮናው እጅግ የሞቀ ጋዝ) ተጠርጎ ሄደ» ይላል። ያ ቦታ ግን ከደቂቃ በፊት ደምቆ ነበር፣ አሁን ወደነበረበት ሲመለስ ቅነሳው ጥቁር አደረገው። ቅነሳው የፈጠረው ጥላ ነው እንጂ ፀሐይ ላይ የለም።

ስለዚህ ግንባሩን በመጀመሪያው ፈልጉ፣ ፍርዱን ግን በሁለተኛው ስጡ። እዚያም ላይ ጥቁር ሆኖ የሚቆይ ቦታ ካለ ፍንዳታው በእርግጥ ፕላዝማ ይዞ የወጣበት ሊሆን ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ፀሐይ ትዞራለች፣ ወገቧ ላይ በሰከንድ 2 ኪ.ሜ. ያህል። መነሻ ፎቶው ከሰዓት በላይ ከራቀ ደማቅ ቦታዎች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ጠርዝ ያወጣሉ፣ እሱን ሞገድ ብላችሁ እንዳትቆጥሩ።

ቀጥሎ 171 አንግስትሮምን ጎን ለጎን ክፈቱ። ይሄ ለኔ ከሁሉም ደስ የሚለው ነው። 193 ላይ የሚደምቀው ግንባር 171 ላይ ብዙ ጊዜ ይጠቁራል። ሞገዱ ፕላዝማውን ጨምቆ ያሞቀዋል፤ 171 ደግሞ ቀዝቀዝ ያለውን፣ ከሚሊዮን ዲግሪ በታች ያለውን ስለሚያሳይ የሞቀው ከእይታው ይወጣል።

ታዲያ እውነተኛ ሞገድ ነው? አንዱ ወገን ኮሮና ውስጥ የሚሮጥ መግነጢሳዊ የግፊት ሞገድ ነው ይላል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላ ሲገፋ ግፊቱ ፊት ይደርሳል እንጂ የገፋው ሰው ፊት አይደርስም፣ እንደዚያ። ሌላው ወገን ፈንድቶ የሚወጣው ፕላዝማ መግነጢሳዊ መስመሮችን ሲለጥጥ የሚፈጠር ጠርዝ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም አሉ ባይ ነኝ። ከፊት ፈጣኑ ሞገድ ይሮጣል፣ ከኋላው ዘገም ያለው የተለጠጠ ጠርዝ ይከተላል።

በዓይናችሁ ለመለየት የኮሮና ቀዳዳ የሚባሉትን ጨለማ ቦታዎች ተመልከቱ። ግንባሩ እዚያ ደርሶ ከተንጸባረቀ ወይም አልፎ በሌላ በኩል ከወጣ ሞገድ ነው። የጳጉሜው ሁለቱንም ዋልታ ላይ አድርጓል። ዳር ላይ ደርሶ ከተገተረ ግን ሁለተኛውን ጠርጥሩ።

ፍጥነት ስትለኩ ፀሐይ ድቡልቡል መሆኗን አትርሱ። ከጠርዝ እስከ መሃል ስክሪኑ ላይ 696,000 ኪ.ሜ. ይመስላል፣ በገጿ ላይ ግን 1.09 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ለልኬት እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2011 የተነሳውን እመርጣለሁ፣ ከመሃል ብዙም አይርቅም። ከ01:40 ጀምሩ፣ ግንባሩ የደረሰበትን በየደቂቃው ምልክት አድርጉ፣ ርቀቱን ለሰከንዱ አካፍሉ። በሰከንድ ጥቂት መቶ ኪ.ሜ. ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።